ሁለተኛው አደራ

ጥር 22፣ ዓርብ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት

ጓንቶቹ ዛሬም ማሞቂያው ላይ ናቸው። ቤቱ በሙሉ እርጥብ ቆዳና ላብ ይሸታል። መስኮት ከፈትኩ፣ ብርዱ ገባ፣ ዘጋሁ። ካልሲዎቹን አጥቤ አሰጣሁ። ለእኔ ምስር፣ ለእሱ ዶሮ። ያሬድ ከት/ቤት መጥቶ ይበላል፣ ከዚያ ልምምድ።

ደብተሬ፣ ጠፋሁብሽ። የምጽፈው አጥቼ አይደለም። ደህና ነገር ሲመጣ መጻፍ እፈራለሁ።

የሰፈሩ ጋዜጣ ልጄን አወጣው፣ ከነፎቶው። መዝገበ ቃላቱን አጠገቤ አድርጌ አነበብኩ። ት/ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ከታናሽ ወንድሜ ደብተር ላይ ሰርቄ ነው የተማርኩት፤ ኖርስኩንም፣ የዚህን አገር ቋንቋ፣ እንደዚያው፣ ቃል በቃል። ስለዚህ ቀስ እላለሁ። ጋዜጣው እንዲህ ይላል፦ ያሬድ የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነው፣ ሥራው ኋላ ሆኖ መጠበቅ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከአጥቂዎቹ ሁሉ ይበልጥ ያገባው እሱ ነው። ከሰማያዊው መስመር ላይ ሲመታት በረኞች ያችን ጥቁር ጎማ አያዩአትም፣ መረቡ ሲነቃነቅ ነው የሚያውቁት። ትሬነሩ፣ አሠልጣኛቸው ስቲግ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ተከላካይ አላየሁም ብሏል።

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የሰው ዓይን አለ። የገዛ ዓይኔንም አላምነውም።

ሌላም አለ። ከስዊድን የአንድ ትልቅ ክለብ ሰዎች ሊያዩት ይመጣሉ፣ የካቲት 7፣ ቅዳሜ። ከወደዱት ከመጪው ዓመት ጀምሮ እዚያ ይኖራል፣ እዚያ ይማራል፣ እዚያ ይጫወታል። ትናንት አፉን ሞልቶ እየበላ ነገረኝ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ጀምሯል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። በሆዴ ግን፣ እሱ ከሄደ ይህን ሁሉ ካልሲ ማን ያቆሽሽልኛል?

ደምሴ ቢኖር ያጨበጭብ ነበር። ባለቤቴ። ልጁን መጀመሪያ በረዶ ላይ ያወጡት ቀን፣ ይሄማ የእኛው የገና ጨዋታ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ቀዝቅዘውበት እንጂ ብሎ ሳቀ። ልጁ በወደቀ ቁጥር "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እያለ ከዳር ይጮህለታል፣ ፈረንጆቹ ዞር ዞር እያሉ ያዩታል። የጫማውን ክር የሚያስረው እሱ ነበር። ተንበርክኮ፣ በጥርሱ ሳይቀር እየሳበ። እኔ ማጥበቁን አልችልበትም።

ደረጃው ላይ እግሩ ተሰማኝ። በቃ።

ጥር 23፣ ቅዳሜ። ማምሻ

ዱግናድ ነበረኝ። እዚህ አገር ክለቡ የወላጅ ነው፣ ተራ እየገባን በነፃ እንሠራለን። የእኔ ተራ ኪዮስኩ ነው፣ ቫፍል መጋገር፣ ቋሊማ መቀቀል፣ ቡና መቅዳት። ራሴ የመረጥኩት ነው። ምጣዱ ጋ የቆመ ሰው ጀርባው ወደ በረዶው ነው። ደምሴ ካረፈ ወዲህ ልጄ ሲጫወት አይቼ አላውቅም። እሰማለሁ እንጂ።

የማየው በቱሪል ዓይን ነው። የበረኛው የሄንሪክ እናት ናት፣ አብረን ነው የሚመድቡን፣ አፏ አያርፍም። ልጅሽ ተከላካይ መሆኑን የነገረው ሰው የለም ወይ ትለኛለች። ሄንሪክ የሚያውቀው የያሬድን ጀርባ ብቻ ነው፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል እስቲ ፎቶ ላኪልን ትላለች። ሳቅሁ። ብዙ አልስቅም፣ እሷ ግን ታስቀኛለች።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ሰው ከዳሩ ሰሌዳ ጋር ሲጋጭ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ለምጄዋለሁ። ይሄኛው ደረቅ ነበር። ከኋላው ጸጥታ። ቱሪል ምን እንደሆነ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ። ዝም አለች። ቱሪል ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። ዞርኩ።

ተንበርክኳል። ግንባሩ በረዶው ላይ፣ የሚሰግድ ነው የሚመስለው። ሄልሜቱ ወዲያ ተንከባልሏል። ከዚያ ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። አግዳሚው ላይ ጥቂት ተቀመጠ፣ ስቲግ ጎንበስ ብሎ አናገረው፣ እሱ ትከሻውን እያሻሸ መለሰለት። ተመልሶ ገባ። በመጨረሻው ክፍል አገባ፣ ከሰማያዊው መስመር። አዳራሹ ተናወጠ። ቱሪል አቀፈችኝ።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ካገባ በኋላ ወደ ጓደኞቹ አግዳሚ አልሄደም። ወደ ተጋጣሚዎቹ አግዳሚ መንሸራተት ጀመረ። አንዱ ጓደኛው በትከሻው ገፍቶ መለሰው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሲቀልድ መሰላቸው።

ቫፍሉ ከሰለ።

ጥር 24፣ እሑድ

ቤ/ክ ብቻዬን ሄድኩ፣ ሳያልቅ ወጣሁ። ስመለስ የያሬድ ክፍል መጋረጃ እንደተዘጋ ነው። ትራሱ ፊቱ ላይ። ባልዲው አጠገቡ። አስመልሶታል።

ሐኪም ጋ እንሂድ አልኩ። አይሆንም አለ። ደንቡን አስረዳኝ፣ ኖርስክና አማርኛ እየቀላቀለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድለት በረዶ አይረግጥም። ሐኪም ካየው ደግሞ ያስቀምጡታል፣ ሳምንታት። የካቲት 7 አለቀ ማለት ነው። ስዊድኖቹ ሌላ ልጅ አይተው ይመለሳሉ። ስለዚህ ለስቲግ ትከሻዬን ነው ብሎታል። ከዚያ እጄን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ።

"ማሚ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። አደራ።"

የዚህ ልጅ አማርኛ ግማሽ ነው። ተረት ስነግረው ፍቺውን ይጠይቀኛል። አደራን ግን ያውቃል፣ ከአባቱ ነው የተማረው። ደምሴ አደራ ብሎት ይወጣል፣ መብራቱን አጥፋ፣ እናትህን እይ፤ ተመልሶ እንዴት ሆነ ብሎ አይጠይቅም። አደራ ከተባለ ተባለ። እዚህ ሰው የሚፈርመውን እኛ በዚህች ቃል ነው የምናስረው። አደራ የበላ ሰው ቤት ጭስ አይወጣም ትል ነበር እናቴ።

እሺ አልኩ።

ደብተሬ፣ ይህን እሺ አንቺ ታውቂዋለሽ። አንድ ጊዜ ብዬዋለሁ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ። ከሰዓት በኋላ

ከሥራ መጣሁ። የአረጋውያን ቤቱ ወለል ዛሬ ወገቤን ቆረጠው። ያሬድ ከእኔ ቀድሞ ገብቷል፣ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ስቦ ሶፋው ላይ። ትናንት ት/ቤት አልሄደም፣ ዛሬ ሄዶ ከግማሽ ቀን ተመለሰ።

የታሪክ መጽሐፉን ሰጠኝ። አንብቢልኝ አለ።

እኔ? ለእሱ? በኖርስክ? ማሚ ስላፕ አቭ፣ ዝም ብለሽ አንብቢ አለኝ፣ አትጨነቂ ማለቱ ነው። መነጽሬን አደረግሁ። ስለ ድሮ ፋብሪካ ሠራተኞች ነው፣ ስለ ወንዙ ዳር ሴቶች፣ ክር ስለሚፈትሉ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ስሳሳት ዓይኑን ሳይገልጥ ያርመኛል። አንዱን ቃል ሦስቴ አስባለኝ፣ ሦስቴም አበላሸሁት፣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንደ አንዷ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው የምታነቢው አለኝ፣ እየተጎተትሽ። አንተን ያሳደገችህ እኮ እሷው ናት አልኩት።

ስንት ዘመን እንዲህ አልተቀመጥንም! አባቱ ከሞተ ወዲህ ይመስለኛል። ምዕራፉ ሲያልቅ ሌላ ልጨምርልህ አልኩ፣ ደስ ብሎኝ፣ ሞኝ።

"ጨምሪልኝ። ለእኔ ፊደሎቹ ይዋኛሉ።"

እንደ ዋዛ ነው ያላት። ለካስ የሰጠኝ ደስታ ሳይሆን ሕመሙን ነው። ቀጠልኩ። የማነበውን እኔ ራሴ አልሰማሁትም።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ከሥራ በኋላ ቤተ መጻሕፍት። እዚያ የምትሠራዋን ልጅ የአንጎል መጽሐፍ አልኳት፣ የት እንዳለ አሳየችኝ። ቆሜ አነበብኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና አነበብኩ። ሁሉም አለ። ማስመለሱ፣ ብርሃን መጥላቱ፣ ፊደል መዋኘቱ። እረፍት ካገኘ አብዛኛው ይድናል ይላል። ያልዳነ ጭንቅላት ላይ ሁለተኛ ምት ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው ይላል። እዚያ ላይ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ቀላል ቃላት ናቸው።

የነነዌ ጾም ዛሬ ያበቃል። ተናገር ሲባል የሸሸው ሰው ጾም። ሦስቱን ቀን ውሃ ብቻ ይዤ ዋልኩ፣ አልተናገርኩም።

ደምሴን ልጻፍ። እዚህ ደብተር ላይ ሁልጊዜ ዙሪያውን ነው የምዞረው።

አውቶቡስ ነጂ ነበር። ያዞረው ጀመር፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ። ዕቃ ማጠቢያውን ተደግፎ ይቆማል፣ ያልፍለታል። ሐኪሙ ካወቀ መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ መሪ ያልያዝኩ እንደሆነ እዚህ አገር እኔ ማን ነኝ አለኝ። ለማንም እንዳትነግሪ፣ አደራ። እሺ አልኩ። ሚያዝያ ላይ መጨረሻው ማቆሚያ ደርሶ የእጅ ፍሬኑን ስቦ መሪው ላይ ተደፋ። ሰው ሁሉ ያን ፍሬን አመሰገነ። ጨዋ ሰው፣ አንድ ተሳፋሪ ሳይነካ። እኔ ግን ሳይዞርበት ያሳፈራቸውን፣ እየዞረበት ያሳፈራቸውን፣ እነዚያን ሁሉ ሕፃናትና አሮጊቶች አስባለሁ። አውቄ አሳፈርኳቸው። ለቅሶ ላይ ድንገተኛ ነው ሲሉ፣ አዎ ድንገተኛ አልኩ። በአርባውም አልኩ።

ያን ቀን ያሬድ ኢስሃሉ፣ በረዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ክሩ ሳይታሰር አባቱን ሲጠብቅ ነበር። ትንሽ ነበር። ሌሎቹ ወላጆች እንሰርልህ ብለውት አባቴ ይመጣል ብሏቸዋል።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ አልተጫወተም። ለስቲግ ሆዴን አሞኛል ብሎ ጻፈ። ስቲግ ለእኔ መልእክት ላከ፣ ሾርባ ስጪው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አድርሽልኝ ይላል። አመሰግናለሁ ብዬ መለስኩ። ውሸት በኖርስክ ስትጻፍ ትቀላለች፣ የራሴ አትመስለኝም።

እትዬ ጽጌ መጡ፣ ከታች ፎቅ። ከእኔ በፊት ወደዚህ አገር የመጡ፣ ደምሴን የገነዙ ሰው ናቸው። ልጁ ለምን ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ አሉኝ። ግማሹን ነገርኳቸው። ግማሹ ራሱ አደራ መብላት ነው፣ አውቃለሁ።

እሳቸው አልደነቃቸውም። ጋዜጣ ላይ ስታወጡት ምን ጠብቀሽ ነበር አሉኝ፣ ይሄ ሁሉ ዓይን አለ። አንድ ጥርስ በአፋቸው ላልቀራቸው ተጫዋቾች ልጅሽን ሰጥተሽ ደግሞ ታለቅሻለሽ። ጸበል በላስቲክ ጠርሙስ አመጡ፣ ፊቱን ረጩት፣ አጠጡት። ያሬድ ጠጣ፣ አሜን አለ፣ አሮጊት አያስከፋም። ሊወጡ በሩ ላይ ቆመው በዝግታ አሉኝ፦ አደራ ካለሽ አደራ ነው። አሁን ብትናገሪ ከዚህ በኋላ ሲያመውም ሲከፋውም አይነግርሽም። ወንድ ልጅ አንዴ ነው አፉን የሚከፍትልሽ።

እውነት አላቸው። የገደለኝ እሱ ነው።

ጸበሉ ያድነዋል ብዬ አምናለሁ? አምናለሁ። ሐኪም ይየው ብዬስ? አምናለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ማመን ማን ከለከለኝ? ማንም። እሺ ያልኩት ነው የከለከለኝ።

የካቲት 2፣ ሰኞ። ማታ

ልምምድ ሄደ። ተሻለኝ አለ። ፊቱም ደህና ነው፣ ቁርሱን በላ፣ እያፏጨ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ወለል ስጠርግ ተስፋ አደረግሁ። እንዲህ ነኝ፣ ትንሽ ሲሉኝ ብዙ አምናለሁ።

ራት ሳቀርብ ስልክ። እሱ ነው። እየሳቀ።

"ማሚ፣ የበሩ ኮድ ስንት ነበር?"

ከተወለደ ጀምሮ እዚህ ፎቅ ነው የሚኖረው። ያች ኮድ ተቀይራ አታውቅም። ከእናቱ ስም ቀጥሎ የሚያውቃት እሷን ነው። በነጠላ ጫማ ወረድኩ። በረዶው ይጥላል። ሻንጣውን ትከሻው ላይ እንደያዘ በሩ ፊት ቆሟል፣ ቁጥሮቹን ያያል። ሳቁ የለም። በስልክ ብቻ ነበር ሳቁ።

በሩን ከፈትኩለት። ደረጃውን ወጣን። ራቱን በላ። ጓንቶቹን ማሞቂያው ላይ አደረገ።

አምላኬ፣ ደክሞኛል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠየቅሁት። ለመንኩት ማለት ይሻላል። ከእሺዬ ፍታኝ አልኩት። አንተው ራስህ ለስቲግ ንገረው፣ ያኔ እኔ አደራ አልበላሁም፣ አንተ አልተዋረድክም።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዱላውን በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልላል፣ እያቃና፣ እየላጠ፣ እንደገና ይጠቀልላል። እጁ ይሳሳታል።

"እኔ ሌላ ምን አለኝ ማሚ? ት/ቤት ሰነፍ ነኝ። ስሜን ሳይሰብሩ የሚጠሩኝ እዚያ ብቻ ነው።"

ቅዳሜ አንድ ቀን ናት አለ። አንድ ጨዋታ። ካዩኝ በኋላ የፈለግሽውን አርፋለሁ፣ ክረምቱን ሙሉ እተኛልሻለሁ። ተጠንቅቄ እጫወታለሁ። ተከላካይ ሆኖ ተጠንቅቆ የሚጫወት የት አለ አልኩት፤ እሱም ይህን ማን ነገረሽ፣ አይተሽኝ አታውቂ አለኝ።

ከዚያ ጨመረ፣ አባባ ቢሆን አደራዬን ይጠብቅልኝ ነበር።

አባትህ፣ ብዬ ጀመርኩ። አባትህ... አቃተኝ። ስንት ዓመት ያቃተኝ ነገር ነው።

ሁለት ወንዶች ተሰጡኝ፣ ሁለቱም አንድ ነገር ጠየቁኝ። ዝም በይ። ዝም ማለት እችልበታለሁ። ሰው ጨዋ ይለኛል።

የካቲት 6፣ ዓርብ። ከሰዓት በኋላ

የበረዶ ጫማውን ምድር ቤት ደበቅሁት። ከዚያ አወጣሁት። ክለቡ ውስጥ ሌላ ጫማ መች ይጠፋል፣ ያውም የማይለካ ተጫምቶ እግሩን ይሰብራል።

ክሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ረጅም ነው። ደምሴ በጥርሱ የሚስበው።

ፈሪ ነኝ። ይህን ያለ ጌጥ ልጻፈው። አንዳንዴ ስዊድን ይሂድልኝ፣ ምንም አይሁን፣ ሳላየው ይሁን የምልም እኔው ነኝ። አንዳንዴ ደግሞ እንዲቀርልኝ የምፈልገው ለጤናው ነው ወይስ ለብቸኝነቴ እያልኩ ራሴን እከሳለሁ። ብናገር ለእሱ ብዬ ነው? ሳልናገር ብቀርስ? በሁለቱም በኩል እኔ አለሁበት። ንጹሕ መንገድ የለም።

ነገ ኪዮስክ ነኝ፣ ከቱሪል ጋር። ዱቄቱን እኔ ነኝ የማመጣው።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ቀድሞ ወጣ፣ ከሻንጣው ጋር። በሩ ላይ ግንባሬን ሳመኝ። አባቱ እንዲህ አድርጎኝ ወጥቷል፣ በሚያዝያ።

የምለውን በኖርስክ ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ቀደድኩት። ካነበብኩት እጎተታለሁ። በቃሌ ይዤው እሄዳለሁ።

ኮድ የረሳ ልጅ ነው። ኮድ የረሳ ልጅ አደራ ማለት አይችልም። እንዲህ ብዬ ራሴን አታልላለሁ። ውሸት ነው። አደራ ብሎኛል፣ ልበላው ነው የምሄደው።

ያው ቀን፣ ማምሻ

ሁሉንም በተራው።

ኢስሃሉ ገና ባዶ ነበር። ስቲግ ከልብስ መቀየሪያው ፊት ጎማው ምንጣፍ ላይ ዱላ ይደረድራል። ቀና ብሎ ፈገግ አለ፣ ትልቅ ቀን ነው አለኝ። በቃሌ የያዝኩት ጠፋኝ። የመጣልኝን ተናገርኩ፣ በተሰበረ ኖርስክ።

"ያሬድ የተመታው ትከሻውን አይደለም፣ ጭንቅላቱን ነው። ማንበብ አይችልም። የቤቱን ኮድ ረሳ። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። ከዚህ በፊትም ዝም ብያለሁ፣ ሰው ሞተብኝ።"

ስቲግ ዱላዎቹን አስቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። አንድ አባት የሚቆጣውን ያህል እንኳ አልተቆጣም፣ አመሰግናለሁ ብሎ ገባ። በሩ ተዘጋ። ድምፅ አልሰማሁም፣ የበረዶ ማለስለሻው መኪና ይጮኻል።

ያሬድ ወጣ። ልብሱን ለብሷል፣ ትከሻው ሰፊ፣ የአንዱ እግሩ ክር አልታሰረም፣ ምንጣፉ ላይ ይጎተታል። ፊቴ ቆመ። ኖርስክ ይናገረኛል ብዬ ጠበቅሁ። በዝግታ፣ ባልተሰበረ አማርኛ ነው የተናገረው።

"አደራ በላ።"

እንደ አባቱ አድርጎ ነው ያላት፣ ላ ላይ ረገጥ አድርጎ። ከዚያ እያነከሰ ሄደ።

ምን ላድርግ? ኪዮስክ ገባሁ። ዱቄቱን በጠበጥኩ። ሁለት ሰዎች መጡ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ አነጋገራቸው የስዊድን ነው። ቡና ቀዳሁላቸው። አመስግነው የተጫዋቾቹን ዝርዝር እያገላበጡ ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

ቱሪል ያወቀችው ቡድኑ ሲወጣ ነው። ያሬድ የታለ አለች። ነገርኳት። ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችና ጎኔን በክርኗ ገፋ አድርጋ ቦታዬን ያዘች። ሂጂ ተመልከቺ አለችኝ፣ ዛሬ ሄንሪክ የሚያየው ጀርባ የለውም፣ ፈርቷል።

ፊቴን ወደ በረዶው አዞርኩ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በፈቃዴ። ነጭ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከምሰማው ይልቅ ፈጣን ነው። ሰማያዊውን መስመር አየሁት። ልጄ የለበትም።

የካቲት 9፣ ሰኞ። የዐቢይ ጾም መጀመሪያ

ሐኪሙ አየው። ስቲግ ራሱ ነው በመኪናው የወሰደን። ስልክ ማየት የለም፣ ማንበብ የለም፣ በረዶ የለም። ዘንድሮ አልቋል። ከዚያስ አልኩ። ከዚያ እናያለን አለ ሐኪሙ። ጭንቅላት ቀጠሮ አያከብርም አለ። ሲስቅ ያሬድ አልሳቀም።

ስዊድኖቹ አንድ አጥቂ ወደው ሄዱ። ስለ ያሬድም ጠየቁ አለኝ ስቲግ። እውነቱን ይሁን አዝኖልኝ ይሁን አላወቅሁም። አልመረመርኩም።

ልጄ አያናግረኝም። ሳህኑን ክፍሉ በር ላይ አኖራለሁ፣ ባዶውን እዚያው አገኘዋለሁ። መብላቱ ደግ ነው። ማሚ የምትለዋን ከሰማሁ ቀናት ሆኑ። ጓንቶቹ ማሞቂያው ላይ አይደሉም። ቤቱ ምንም አይሸትም። መስኮት የምከፍትበት ምክንያት አጣሁ።

እትዬ ጽጌ እንኳን ለጾሙ አደረሰሽ ሊሉ መጡ። አልወቀሱኝም። አንድ ነገር ብቻ አሉ፣ እሷ ናት ቀኑን ሙሉ የምትከተለኝ። ልጁ ቢጫወትና ቢሞት ኖሮ እናት ገደለችው ይባል ነበር፤ አሁን አልሞተም፣ ታዲያ ማን ምን ያውቃል? ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ያመሰግነኛል ብለሽ አትጠብቂ አሉኝ።

ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ይህችን ዕድሜዬን ሙሉ ልሸከም ነው። የደምሴን ከቀኝ፣ ይህችን ከግራ።

የአባቱን ነገር ልንገረው? ለምን ብዬ? ይቅር እንዲለኝ? አሁን ብነግረው ሸክሜን በእሱ የታመመ ጭንቅላት ላይ መጣል ነው። ሲድን። ከዳነ።

የካቲት 12፣ ሐሙስ። ከቀኑ አሥር ሰዓት

ሥራ። ወለል። የአውቶቡሱ መጨረሻ ማቆሚያ ላይ አልወርድም፣ አንድ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እመጣለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው።

ጓንቶቹን ሻንጣው ውስጥ አገኘኋቸው። ደርቀው እንጨት ሆነዋል። በሎሚና በጨው ላሻቸው ብዬ አሰብኩ፣ ተውኩት። መልሼ አኖርኳቸው።

እንጀራው አልቋል። ሽሮ አለ። ነገ ከሥራ በኋላ ቤ/ክ እሄዳለሁ፣ ንስሐ አባቴን አገኛለሁ፣ የመጀመሪያውን እሺ እነግራቸዋለሁ። ሁለተኛውን አላውቅም። ማፍረሴ ኃጢአት ከሆነ ንስሐ ልገባበት አልችልም፣ ምክንያቱም ነገም ቢሆን

በሩ ተከፈተ። ያሬድ ነው። አላየኝም። ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ስቧል። የታሪክ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ፣ እዚህ ክርኔ አጠገብ ወረወረው። ያቆምንበት ገጽ ተቆልምሟል፣ ማን ቆለመመው? ሶፋው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተጋደመ። አልተኛም፣ ትከሻውን አያለሁ፣ ይጠብቃል።

መነጽሬ። መነጽሬን የት ነው ያደረግሁ